የአባቴ ፈረስና የመምህሬ ድንኳን

ስሙን አልጠራም። በሦስት ሽማግሌዎች ፊት እርጥብ ሣር ጨብጬ ምያለሁ። አፌ ዳግመኛ እሱን ላያነሳ፣ በባጃጅ ውስጥም ይሁን በገበያ፣ በለቅሶ ቤትም ይሁን በሠርግ፣ ስለ እሱ አንዲት ቃል ላልተነፍስ ምያለሁ። መሐላዬን አላፈረስኩም። ይህን ስጽፍም አላፈርስም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ሰውየው እዚህ አሰላ፣ እኔ በምማርበት ኮሌጅ፣ የፈጠራ ጽሑፍ የሚባለውን ኮርስ ያስተማረኝ መምህር ነው። የአባቴን ፈረስ ወሰደብኝ። ፈረሱ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፤ የወሰደብኝ ታሪኩን ነው። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። መሬቱ ተከፋፈለ፣ ከብቱ አለቀ። አባቴ ከተወልኝ ሁሉ በእጄ የቀረው ያ ታሪክ ብቻ ነበር። እሱንም ወስዶ የራሱ አባት አደረገው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ቀን ጋሪ እየነዳሁ፣ ሲመሽ ቀበሌያችን ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ተማርኩ። ወንበሩ የሕፃናት ነበር፤ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ይደርሳል። ይህን የማነሳው አንጀታችሁን ልበላ ብዬ አይደለም። ሰው ማንበብ ሲጀምር ዓለም ይበራለታል ይላሉ። ለእኔ የበራልኝ ስንቱ ሲያታልለኝ እንደኖረ ነው። ያን ጊዜ የያዝኩት ቂም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሰኝ። ፈረሱ ሲያረጅ ጋሪውን ሸጬ ባጃጅ ያዝኩና የቅዳሜና እሁድ ዲግሪ ተመዘገብኩ፤ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ። የእናቴ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ከተሳፋሪ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። እሷ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች፤ ምላሷ ለማንም አያዝንም።

«አሁን ተምረህ ባጃጁን በግጥም ልትነዳው ነው?» አለችኝ።

ክፍሉ በልጆች የተሞላ ነበር። አብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። «ፋዘር» ይሉኛል። አልከፋኝም፤ ባይወዱኝም ቦታ ይለቁልኛል። መምህሩም ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ቢሆንም መምህር ነውና እርስዎ እለዋለሁ። እሱ አንተ ይለኛል። ግጥም ሲያነብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንዴት እንደሚያነብ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ «አፋችሁ የማይደፍረውን ጻፉ» አለን። «አፍ ሰው ያያል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። እጅ ግን ማንንም አይፈራም። እዚህ የመጣችሁት እጃችሁን ልታሠሩ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያው አሳይመንት ከሕይወታችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ጻፉ ሲለን፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ጻፍኩ። ባጃጅ ተራ ስጠብቅ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ነው የጻፍኩት።

የጻፍኩት ይህ ነው። አባቴ በጎበሳ በኩል ባለው አገራችን በፈረሱ የታወቀ ሰው ነበር። ፈረሱ ዳለቻ ነው። በእኛ ዘንድ በፈረስ የሚሄድ ሰው ለቅሶ ቤት ሲደርስ ዝም ብሎ አያልፍም። ሟቹን አወቀውም አላወቀውም ይወርዳል፣ ልጓሙን ይዞ ይቆማል፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ ይወጣና መንገዱን ይቀጥላል። አባቴ ይህን አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። ፈረሱም ለመደው። አባቴ ሲሞት ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝምና ፈረሱን አሰላ አምጥቼ ጋሪ ላይ አሰርኩት። ያ በሠርግና በለቅሶ ላይ ተሸልሞ የሚወጣ ፈረስ የሽንኩርት ጆንያ ጎተተ። ግን የተዘረጋ ድንኳንና ከደጁ የተቀመጠ ሰው ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጅራፍ አያንቀሳቅሰውም። ተሳፋሪው ይሳደባል፣ ከኋላ የመጣው ጋሪ ይጮሃል። እኔ ወርጄ ልጓሙን ይዤ፣ እጄን ዘርግቼ ለማላውቀው ሟች ዱዓ ካላደረግኩ አይሄድም። ከጨረስኩ በኋላ ማንም ሳያዘው ይራመዳል። አባቴን ያለቀስኩት እንዲህ ነው፤ በሰው ለቅሶ ቤት ደጃፍ፣ በሰው ስድብ መሐል፣ ለዓመታት።

መምህሩ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው። በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም።

«ይኼ ፈረስ ሊታመንልኝ አልቻለም» አለ። «ለቅሶ ምን እንደሆነ እንኳን ፈረስ ሰውም በቅጡ አያውቅም። ይህ ወሬ ነው፤ ጽሑፍ አይደለም። ቋንቋህም ገና ከጋሪ አልወረደም።»

ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ፋዘር፣ ፈረሱ የእድር አባል ነበር እንዴ?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በልጁ ቀልድ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። በመምህሩ ግን አልሳቅኩም። ሲ ሰጠኝ። ወረቀቴን ስጠይቀው «ፋይል ይደረጋል» ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ሁለት ሴት ተማሪዎች ጫንኩ። አንደኛዋ ስልኳን ከፍታ አንድ ቪዲዮ ያዳምጣሉ። ድምፁን ገና ሲጀምር አወቅኩት፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ድምፅ ነው። «አባቴ ከሞተ በኋላ» ይላል፣ «ፈረሱን ጋሪ ላይ አሰርኩት።» ቀጠለ። ልጓሙ አለ፣ ስድቡ አለ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ ሳይቀር አለ። ከአዳራሹ የሰው ጭብጨባ ይሰማል።

«ምስኪን» አለች አንዷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አባቱ ሞቶ፣ ጋሪ ነድቶ ነው ለካ የተማረው።»

«ትልቅ ሰው እኮ እንዲህ ከታች ነው የሚነሳው» አለች ጓደኛዋ።

ባጃጁን አስፋልቱ መሐል ጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት አቆምኩት።

«ምነው ፋዘር፣ ጎማ ፈነዳ እንዴ?»

«የለም» አልኳቸው። «ፈረሱ ቆመ።»

አበደ ብለው ወርደው ሄዱ። ከመውረዳቸው በፊት ግን ታሪኩ ከአዲሱ መጽሐፉ የተወሰደ እንደሆነ ነገሩኝ። መጽሐፉን ፈልጌ አነበብኩት። ለወጥ ያደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ዳለቻውን ፈረስ ነጭ አድርጎታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈረሱ የአባትየው መቃብር ላይ ተኝቶ ይሞታል። እኔ ስጽፈው ያልታመነለት ፈረስ፣ መቃብር ፈልጎ መሞቱ እንዴት ታመነለት?

እሁድ ከትምህርት በኋላ ኮሌጁ በር አጠገብ ባሕር ዛፉ ሥር ጠበቅኩት።

«መምህር፣ የፈረሱ ታሪክ የእኔ ነው።»

«የትኛው ፈረስ?»

«አባቴ የጋለበው።»

ሳቀ። ክፋት እንኳ የሌለበት ሳቅ ነው፤ እንደ ሕፃን ቆጥሮኝ ነው የሳቀው። «ስማ» አለኝ፣ «አንተ ያመጣኸው ጥሬ ገብስ ነው። ብቅል ያደረግኩት እኔ ነኝ።» የብቅል ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሚኖር በምሳሌው ደስ ሳይለው አልቀረም።

«ገብሱስ የማን ነው?»

«ሥነ ጽሑፍ ባለቤት የለውም።»

«ሽፋኑ ላይ ግን የእርስዎ ስም አለበት።»

ፊቱ ተለወጠ። «ማን ያምንሃል? ጻፍኩ የምትለው ወረቀት የታለ?»

«እርስዎ ጋ።»

«እንግዲህ!» አለና ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ይልቅ ደስ ይበልህ» አለኝ። «በእኔ ምክንያት አባትህ አዳራሽ ገባ።»

ባጃጄ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና ማሰብ ጀመርኩ። ልክሰሰው ብል ማስረጃ የለኝም፤ ወረቀቴ ሲነበብ የሰሙት ልጆች ውጤታቸው በእጁ ነው፣ አይመሰክሩልኝም። ልማታው ብል፣ በዱላ አሰላ ውስጥ የሚታወቅ ሰው ሆኖ መቅረት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቱ በሕይወት አሉ። ባለፈው ዓመት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ከመናኸሪያ በባጃጄ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ጡረተኛ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ። አንድ ጋሪ በአጠገባችን ሲያልፍ ፈረሱን ፈርተው ክንዴን ጨምድደው የያዙኝን አልረሳም።

እኚህን ሰውዬ ልጃቸው በአደባባይ ሞተዋል አለ። በቪዲዮ፣ በገዛ አፉ። እዚህ ከተማ ደግሞ አባቱ የሞተበት ሰው ብቻውን አይተውም። መርዶ ከተሰማ ጥሪ የሚጠብቅ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል።

መምህሩ የተከራየው አንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ሐጂ ጨርቅ ቤት አላቸው፤ ለጎረቤት ሐዘን ሱቃቸውን የሚዘጉ ሰው ናቸው። ሄጄ ሰላም አልኳቸው።

«ሐጂ፣ ተከራይዎን ሳያጽናኑት እንዴት ሱቅ ተቀመጡ?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«አባቱ» አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ኢና ሊላሂ» አሉ። «እኔ ግቢ ውስጥ ሰው አባቱ ሞቶበት ብቻውን ያለቅሳል? ጎረቤት የለውም? ምን ይሉኛል?»

አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣም። ሞተ ያለው እሱ ነው፤ እኔ ድምፁን ከፍ አደረግኩለት እንጂ። ከዚያ በኋላ በባጃጄ ለተሳፈረ ሁሉ ያንኑ አደረግኩ። ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ክፉኛ አየችኝ። ኋላ ግን «አባትህን ነው የሰረቀህ?» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወሬው ከቅቤ ተራ ዶሮ ተራ ሳይደርስ ሐጂ ለእድሩ ነግረው አበቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተዘረጋ። አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ። ሴቶቹ ንፍሮና ዳቦ በሳህን ሸፍነው ገቡ። በጭላሎ ተራራ በኩል ጉም ወርዶ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኔ ፊት ለፊት፣ በሩ በደንብ የሚታይበት ቦታ ያዝኩ።

አስተምሮ ሲመለስ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ።

ሐጂ ተነስተው አቀፉት። «ልጄ፣ ለምን ደበቅከን? እኛ ሰው አይደለንም?» ከዚያ ሁሉም ተነሳ። አንዱ «ሰብር ይስጥህ» ይለዋል፣ ሌላው «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። በዚያው ዓመት አባቷ የሞተባት አንዲት ጎረቤት ስታቅፈው ባሰባት፤ እሷ ስታለቅስ ሌሎቹም ተከተሉ። እሱ መሐል ላይ እንደ ግንድ ቆሟል። አላዘንኩለትም። ለቅሶ ሲለቀስ ቀጥ ብሎ መቆም ምን እንደሚመስል የጻፈ ሰው ነው፤ ይቁም።

«አባቴ አልሞተም» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ለቅሶው በረድ አለ። «ምን አልክ?» አሉ ሐጂ።

«ልብ ወለድ ነው። ፈጠራ ነው።»

«ምኑ?»

«ታሪኩ።»

«አባትህን?»

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ በኩል፣ «እንዴ፣ በልብ ወለድ አባት ይገደላል?» አሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ሳህኗን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። «እኔ እኮ ለእውነተኛ ነው የቀቀልኩት» አለች።

አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ይህን ጊዜ ተነሳሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«አባትህ ፈጠራ ከሆኑ፣ ፈረሱስ የማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱም አየኝ። እዚያ ላይ «የእሱ ነው» ቢል ኖሮ፣ ወላሂ፣ ድንኳኑን በገዛ እጄ አጣጥፌ፣ ወንበሩን በገዛ ባጃጄ መልሼ፣ ነገሩ ያበቃ ነበር። የፈለግኩት ያቺን ቃል ብቻ ነው። እሱ ግን ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «ይህ ሰው ተማሪዬ ነው» አለ። «ፈተና ወድቆ ተናዶብኝ ነው።»

አልወደቅኩም። ሲ ያገኘ ወደቀ አይባልም።

እዚያው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አባቴን፣ ፈረሱን፣ ወረቀቱን፣ ገብሱንና ብቅሉን። ያመነኝ አለ፣ ያላመነኝ አለ። ግን ያመነኝም ያላመነኝም አንድ ነገር ይዞ ወጣ፤ አባቱን በቁማቸው ሞቱ ብሎ ያስለቀሰ ሰው አይቷል። ከዚያ ወዲያ እኔ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ክፍል ሲገባ ያ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ በትሕትና ተነስቶ «መምህር፣ ሰብር ይስጥዎት» ይለዋል። ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩ «ወዴት ልውሰድህ፣ ለቅሶ ቤት?» ይለዋል። ባጃጅ መሳፈር ተወ። አንድ ቀን በዝናብ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ አገኘሁት። ቀስ ብዬ በአጠገቡ አለፍኩ። ጥሩንባ አልነፋሁም፣ አልሰደብኩትም፤ በደንብ አድርጎ እንዲያየኝ ብቻ ነው ቀስ ያልኩት።

ከዚያ አባቱ መጡ። ወሬው በስልክ አገራቸው ደርሶ ኖሮ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ተራው የእኔ ነበር። አወቁኝ።

«አንተ ነህ ልጄ? እስቲ ወደዚያ ልጅ ቤት ውሰደኝ። እኔን ሞቷል ብለው ደውለው ባለቤቴን አስለቀሷት። እስቲ ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ልጅዎ ናቸው ያሉት» አልኳቸው። «በመጽሐፍ።»

ልንደርስ ስንል፣ «በመጽሐፉ ላይ ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ?» አሉኝ።

«ፈረሰኛ ነበሩ።»

«እኔ?» አሉ። ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ልጅ ሳለሁ ፈረስ ነክሶኝ ያውቃል። እሱም ያውቃል።» ከዚያ መስኮት የሌለውን የባጃጁን ጎን ይዘው ወደ ውጭ እያዩ፣ «እኔ እንዳለሁ አልበቃሁትም ማለት ነው» አሉ።

አዘንኩላቸው። ለልጃቸው ግን አልተረፈውም።

ሽማግሌ የተላከብኝ ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ማስዘርጋት እዚህ ቀልድ አይደለም፤ ሟርት ነው። አንድ ጧት በር ተንኳኳ። ሦስቱም በእጃቸው የእርቅ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ሐጂ አንዱ ናቸው። ሁለተኛው ቤተሰባቸው ከድሮ ጀምሮ እዚህ የኖረ፣ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛውን ሳይ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ከእሱ ጋር እርካብ ለእርካብ የጋለቡ። ፈረሱ ሲያረጅ ወስደው መስካቸው ላይ ያጦሩልኝ እሳቸው ናቸው። መቃብር ላይ አይደለም የሞተው፤ እሳቸው ሜዳ ላይ ሲግጥ ውሎ ነው። ይህን ለአሳይመንቱ አልጻፍኩትም ነበር፤ ስለዚህ አልተሰረቀም።

መምህሩ ከኋላቸው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

አስገብቼ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ የአባቴ ጓደኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፤ «ሣሩን ካልተቀበልከን አንቀመጥም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከጎበሳ የመጣሁት ቆሜ ልመለስ አይደለም።»

«አባባ፣ እርስዎ ፈረሱን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። እኔ ማወቄ አይበቃህም?»

«አይበቃኝም። ድንኳኑ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ይንገርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሦስቱም ወደ እሱ ዞሩ። መሬት መሬት እያየ፣ «በእናንተ ፊት እላለሁ» አለ። «በአደባባይ ግን አልችልም። እንጀራዬ ነው።»

በእኔ ቤት፣ በአራት ግድግዳ መሐል፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ «ፈረሱ የአባቱ ነው» አለ።

«መጽሐፉስ?» አልኩት።

«መጽሐፍ አንዴ ከታተመ ታተመ» አለ። «ምን ይደረጋል?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት የአባቴ ጓደኛ ሣሩን ዘርግተው እንደያዙ ቆመው አየሁ። እሳቸውን እምቢ ብዬ አባቴ መቃብር አጠገብ ማለፍ አልችልም። ሣሩን ተቀበልኩ። እሳቸው እየነገሩኝ ደገምኩ፤ አፌ አያነሳህም፣ ምላሴ ስምህን አይጠራም፣ በተቀመጥኩበት ሁሉ ስለ አንተ አልናገርም። ሳልወድ ነው የማልኩት። ግን ምያለሁ፤ መሐላ መሐላ ነው።

ሲጨርሱ ጸሐፊ የነበሩት ጋሼ አዩኝ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እስክሪብቶዬ ሄደ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣ «እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ ይጨመር የምትለው የቀረ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት።

ሐጂና የአባቴ ጓደኛ ወረቀት ላይ ክፉ የሚሠራ ሰው አያውቁም። በእነሱ ዘንድ ነገር የሚኖረው አፍ ላይ ነው፤ አፍ ከታሠረ ሰውየው ታሠረ። በእነሱ አልፈርድም። እሱ ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ፊቴ ቆሞ፣ እጅ ማንንም አይፈራም እያለ ያስተማረኝ ሰው ነው። ወረቀቴን እያነበበ ያረመኝ ሰው ነው። ጋሼ በሩን ከፍተው ሰጡት። አንዲት ቃል ቢጨምር፣ «እጁም ይማል» ቢል፣ እምል ነበር፤ ይህም ጽሑፍ ባልኖረ።

ትንሽ አሰበ። «የለም» አለ። «ይበቃል።»

ከሰረቀኝ ቀን ይልቅ ያቺን ቀን ነው ይቅር የማልለው። ሊዋሽብኝ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር። ይጽፍብኛል ብሎ ጭራሽ አለመስጋቱን ግን አልጠበቅኩም።

ሽማግሌዎቹ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በሳምንቱ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን የገበያ ቅሏን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች።

«ስለ እሱ ነው?»

መልስ አልሰጠኋትም። ምያለሁ።

«ክፉ ሰው ነህ» አለችኝና መስኮቱን ሰፋ አድርጋ ከፈተችልኝ፣ ብርሃን እንዲገባ።

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ተነቦለት፣ ያ ሰው ለሌላው አውርቶ፣ መጨረሻ ጎበሳ መድረሱ አይቀርም። የአባቴ ጓደኛ ይሰማሉ። ሣር ይዘው ይመጣሉ፣ በዚህኛው ጊዜ እጄን ሊያስምሉ። እምላለሁ። እሳቸውን እምቢ አልላቸውም። መምህሩም ከኋላቸው ቆሞ፣ የጻፍከውስ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ አፌ የታሠረ ስለሆነ ራሱ የነገረኝን ያስታውስ፤ አንዴ ከታተመ ታተመ።

ፈረሱ ዳለቻ ነበር። ነጭ አልነበረም።